ከዕፅዋት የሚሠሩ የመኪና ክፍሎችና አካባቢያችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከቃሊቲ እስከ ገላንና ዱከም ባለው መስመር ላይ ካሉ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ የመኪና ባለቤቶችና የኮሌጅ ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚቀርቡልኝ ናቸው።

ከዕፅዋት የተሠራ የመኪና ክፍል ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩት ሦስት ዓይነት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እንደ ተልባ፣ ሲሳል፣ ጁት፣ ኬናፍና እንጨት ካሉ ዕፅዋት የሚወጣ ቃጫ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ክፍል ነው። ሁለተኛው ራሱ ፕላስቲኩ ወይም የመቀመጫው ስፖንጅ ከነዳጅ ዘይት በመሠራት ፈንታ፣ በሙሉም ሆነ በከፊል፣ ከአኩሪ አተር፣ ከጉሎ ወይም ከበቆሎ ሲሠራ ነው። ሦስተኛው ከመኪና ጋር አብሮ የኖረውና ብዙ ሰው ከዕፅዋት መገኘቱን የሚዘነጋው የተፈጥሮ ጎማ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ለመረዳት የጭቃ ቤት ሲመረግ ማየት ይበቃል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦና ቦክቶ ሲለጠፍ ግን ጭዱ ከውስጥ ሰቅዞ ይይዘዋል። የመኪና በር የውስጥ ፓነልም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በጭቃው ቦታ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ፣ በጭዱ ቦታ ደግሞ የተልባ ወይም የኬናፍ ቃጫ ይገባና በሙቀትና በከባድ መጭመቂያ ቅርጽ ይይዛል።

እኛ በምንነዳቸው መኪኖች ውስጥ አለ?

አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ባለቤቱ አያውቀውም። ገላን መግቢያ ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመስታወት ማንሻ ለመጠገን የበር ፓነል ሲነቀል አጠገብ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ፊቱ ጥቁርና ለስላሳ የነበረው ፓነል ሲገለበጥ ጀርባው ቡናማ ሆኖ ተገኘ፤ ጠጋ ብሎ ለሚያየውም እንደ ጆንያ የተጠላለፉ ቀጫጭን ክሮች ይታዩበት ነበር። በበሩ ውስጥ ያለው የውኃ መከላከያ ላስቲክ ተቀዶ ስለነበር የፓነሉ የታችኛው ጠርዝ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል፤ ሽታውም የራሰ ጆንያ ሽታ ነው። ባለሙያው «ካርቶን ነው» አለኝ። ካርቶን ሳይሆን ከፕላስቲክ ጋር የተጨመቀ የዕፅዋት ቃጫ ነበር፤ ትልቁ ድካሙም ውኃ መሆኑን ከዚያ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ከበር ፓነል ሌላ በሻንጣ ቦታው ልባስ፣ ከኋላ መቀመጫ በስተጀርባ ባለው መደርደሪያ፣ በመቀመጫ ጀርባ፣ እንዲሁም ከወለል ምንጣፍ በታች በሚነጠፈው ድምፅ መከላከያ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2022 የተመረተው ቢኤምደብሊው አይ3 የበር ፓነሎቹ ከኬናፍ የተሠሩ ነበሩ። ፎርድ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ በሚያመርታቸው መኪኖች ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ የአኩሪ አተር ዘይት የገባበት የመቀመጫ ስፖንጅ ይጠቀማል።

አዲስ ፈጠራ ነው?

አይደለም። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1941 አካሉ ከዕፅዋት በተገኘ ፕላስቲክ የተሠራ፣ አጥንቱ ግን የብረት ቱቦ የሆነ መኪና ለሕዝብ አሳይቶ ነበር፤ በጊዜው ከነበሩት የብረት መኪኖች በብዙ መቶ ኪሎ ይቀልል ነበር ይባላል፤ ሆኖም ጦርነቱ መጣና ወደ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። በምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1991 ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ትራባንት ደግሞ የውጭ አካሉ ከጥጥ ብጣሽና ከሙጫ የተጨመቀ ነበር። የትራባንት ታሪክ ከፎርዱ ይልቅ የሚያስተምረው መጨረሻውን በተመለከተ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ለአካባቢ ይሻላል የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

ዋናው ንጽጽር ላሜራ ሠሪዎቻችን በአጭሩ «ፋይበር» ከሚሉት ከመስታወት ክር ጋር ነው። የመስታወት ክር የሚሠራው አሸዋና ሌሎች ማዕድናት ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ እቶን ቀልጠው ስለሆነ፣ በሰፊው በሚጠቀሱ ስሌቶች መሠረት አንድ ኪሎ የመስታወት ክር ምንጣፍ ለማምረት ወደ 55 ሜጋጁል ጉልበት ሲፈልግ፣ የተልባ ቃጫ ምንጣፍ ወደ 10 ሜጋጁል ይበቃዋል። ተክሉ የሚያድግበት ጉልበት በአብዛኛው ከፀሐይ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ክብደት ነው። የመስታወት ክር በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.5 ግራም ያህል ሲመዝን የተልባና የሲሳል ቃጫ 1.5 ግራም ገደማ ነው። የአንድ መኪና ክብደት በ10 በመቶ ሲቀንስ የነዳጅ ፍጆታው ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚቀንስ ይገመታል። ለሠራተኛውም ልዩነት አለው፦ ፋይበር የሞረደ ሰው ማታ ቆዳውን እንዴት እንደሚያሳክከው የሚያውቅ ሁሉ የዕፅዋት ቃጫን መምረጡ አይቀርም፤ እርግጥ የቃጫውም አቧራ ቢሆን አፍንጫና አፍ ሳይሸፈን የሚሳብ አይደለም።

ተክሉ ከአየር የወሰደው ካርቦን በፓነሉ ውስጥ ይቀመጣል የሚባለውም እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚቀመጠው መኪናው በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የተቃጠለ ዕለት ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል።

ታዲያ ከአንድ መኪና ጠቅላላ ጉዳት ምን ያህሉን ያስቀራል?

ጥቂቱን። በአንድ የቤት መኪና ውስጥ የሚገባው የዕፅዋት ቃጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ነው፤ መኪናው ግን ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚበዛውም ብረት ነው። በማስታወቂያ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት መኪና ሲታይ ይህን ቁጥር ማስታወስ ይገባል። ጥቂት ነው ማለት ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ 10 ኪሎ በሚሊዮን መኪኖች ሲባዛ 10,000 ቶን ፕላስቲክና የመስታወት ክር ይተካል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላይስ ጥቅሙ ይኸው ነው?

እዚህ ላይ የእኛ ሁኔታ ከሌላው ዓለም ይለያል። በቤንዚን በሚነዳ መኪና ላይ ትልቁ የአየር ብክለት የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ስለሆነ፣ ቀላል ፓነል የሚያስገኘው ጥቅም በዕድሜው ሙሉ ነዳጅ እየቆጠበ ይጠራቀማል። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪክ ኃይላችንም ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ቻርጅ እየተደረገ የሚሄድ መኪና በመንገድ ላይ የሚያደርሰው የካርቦን ልቀት እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ከዕድሜ ልክ ጉዳቱ የሚበዛው ገና ሳይነዳ፣ ባትሪውና ብረቱ ሲመረቱ የደረሰው ነው።

ከዚህ የምወስደው ፍርድ የሚከተለው ነው። እኛ ዘንድ «ክብደት ይቀንሳል» የሚለው መከራከሪያ ከአውሮፓ ይልቅ ይደክማል፤ «ሲመረት ምን ያህል ጉልበት በላ?» እና «ሲያረጅ የት ይጣላል?» የሚሉት ጥያቄዎች ግን ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳሉ። ክብደት መቀነሱ ባትሪው በአንድ ቻርጅ ትንሽ እንዲርቅ ማገዙ አይካድም።

አይጥ አይበላውም?

ይህ ጥያቄ የሚነሣው አይጥ ሽቦ የምትበላው የአንዳንድ መኪኖች ሽቦ ልባስ የአኩሪ አተር ውጤት ስላለበት ነው ተብሎ በአሜሪካ ባለመኪኖች ክስ እስከ መመሥረት በመድረሳቸው ነው። አይጥ ግን የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድጉ ያገኘችውን ሁሉ ትቆረጥማለች፤ ከነዳጅ ዘይት የተሠራውን የድሮ ሽቦም አትምርም። ከእርሻ አጠገብ ወይም ከእህል መጋዘን ጎን የሚያድር መኪና ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ተከፍቶ ሊታይ ይገባዋል፤ ሽቦው ከምንም ይሠራ።

ከዕፅዋት ከተሠራ ሲጣል ይበሰብሳል ማለት ነው?

አይደለም፤ ከሁሉም ስሕተት የሚበዛበት ነጥብ ይህ ነው። አንድ ፕላስቲክ ከምን እንደተሠራና መበስበስ አለመበስበሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዚህ ከጉሎ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በአቃቂ ቦይ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው፣ እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ፣ ከዘይቱ ፖሊአማይድ 11 የሚባል ጠንካራ ናይለን ይሠራል፤ ይህ ናይለን ለነዳጅ መስመርና ለከባድ መኪና የኤር ፍሬን ቱቦ ያገለግላል። ሙሉ በሙሉ ከተክል የመጣ ቢሆንም መሬት ውስጥ ተቀብሮ አይበሰብስም፤ የፍሬን ቱቦ ሊበሰብስም አይገባውም። ከበቆሎ ስኳር የሚሠራውና በይበልጥ የሚታወቀው ፒኤልኤ ደግሞ ይበሰብሳል ቢባልም፣ ለዚያ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅ የብስባሽ ማዘጋጃ ተቋም ይፈልጋል፤ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ከወደቀ እንደማንኛውም ፕላስቲክ ይቀመጣል።

በቃጫና በፕላስቲክ ድብልቅ የተሠራው ፓነል ችግሩ ሌላ ነው። ፕላስቲኩ ብቻውን ቢሆን ቀልጦ እንደገና ይሠራ ነበር፤ ቃጫው ግን 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መቃጠል ይጀምራል፤ በየዙሩም እያጠረ ይደክማል። ፖሊፕሮፒሊን ከ165 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ስለሚቀልጥ የተወሰነ ዕድል አለ። እንደ ትራባንት አካል በማይቀልጥ ሙጫ ከተያያዘ ግን ማቅለጥ አይቻልም፤ ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ በየሜዳው የተተዉት ትራባንቶች ብረታቸው ሲሸጥ አካላቸው መድረሻ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቢያቃጥሉትም ጭሱ መርዛማ ነው።

ይህን ወደ ሠፈራችን ስናመጣው መልሱ ግልጽ ይሆናል። የአሮጌ መኪና ብረት ፈላጊ አያጣም፤ ቁራሌው ይገዛዋል፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ቀልጦ ፌሮ ይሆናል። የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ሶማሌ ተራ ይሸጣል። ስፖንጁ፣ የበር ፓነሉና ምንጣፉ ግን ገዢ የላቸውም፤ ወይ ከጋራዡ ጀርባ ይቃጠላሉ፣ ወይ እንደ ረጲ ወዳለ የቆሻሻ መጣያ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ዓይነት እቶን ውስጥ ቢቃጠሉ፣ ከዕፅዋት የመጣው ክፍል የሚለቀው ካርቦን ተክሉ ቀድሞ ከአየር የወሰደውን ነው፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ሜዳ ላይ ሲቃጠሉ ግን በዕፅዋቱና በነዳጅ ዘይቱ መካከል ለጎረቤት ሳንባ ልዩነት የለም።

የእህል መሬት አይሻማም?

ይሻማል፤ ምን ያህል እንደሚሻማ የሚወስነው ቃጫው ወይም ዘይቱ የተዘራ ነው ወይስ ተረፈ ምርት ነው የሚለው ነው። ለምሳሌ ፎርድ በ2010 ሞዴሉ ፍሌክስ ላይ ከካናዳ ማሳ የመጣ የስንዴ ገለባ የተቀላቀለበት ፕላስቲክ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ቡና ሲቆላ የሚረግፈውን ስስ ገለባ የተቀላቀለበት የፊት መብራት ቤት ሠርቷል። ሁለቱም ለብቻቸው መሬት አልጠየቁም።

እዚህ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ካናዳ ውስጥ ትርፍ የሆነ ገለባ እኛ ዘንድ ትርፍ አይደለም። ከሰንዳፋ እስከ ዱከም ባለው ሜዳ ላይ በጥር የሚከመረው የጤፍና የስንዴ ጭድ እስከ ሐምሌ የሚደርስ የከብት መኖ ነው፤ የተረፈው ለምርግ ይሸጣል። ፋብሪካ መጥቶ በተሻለ ዋጋ ቢገዛው ላሟን የምትቀልባት ሴት ሌላ መኖ መግዛት አለባት፤ ያ መኖም መሬት ይፈልጋል። የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው፦ ወደ ውጭ የምንሸጠውን ቡና በአብዛኛው ጥሬውን ስለምንልክ ሲቆላ የሚረግፈው ገለባ የሚቀረው በገዢው አገር ነው፤ እኛ ጋ የሚቀረው የፍሬው ልጣጭና ደረቁ ቅርፊት ሲሆን፣ እሱ ብዙ ጊዜ ተቆልሎ ስለሚጣል ወይም ስለሚቃጠል ለዚህ ሥራ ቢታሰብ ማንንም አይጎዳም።

ሆን ተብሎ መሬት ሲመደብ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ በወላይታና በሌሎች አካባቢዎች ጉሎ ለነዳጅ እንዲዘራ ገበሬዎች ተቀስቅሰው ነበር፤ ብዙዎቹ የተስፋውን ያህል ሳያገኙ ቀሩ፤ እህል የሚዘሩበትም ወቅት አለፈባቸው። ከዚያ በኋላ «ከዕፅዋት ነውና ጥሩ ነው» የሚል ክርክር ብቻውን አያሳምነኝም።

ውኃ አይበክልም?

ሊበክል ይችላል፤ ከመስታወት ክር ጋር ሲነጻጸር የዕፅዋት ቃጫ የሚሸነፍበት ቦታም ይህ ነው። ማዳበሪያ ከማሳ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ ማዳበሪያ ከገባበት አፈር የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝም ኪሎ በኪሎ ሲታይ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 270 እጥፍ ይበልጣል። ቃጫውን ከግንዱ ለመለየት ተክሉ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ውኃው ይሸታል፣ ኦክሲጅኑም ያልቃል። «ወርቃማው ወንዝ» ይባል የነበረው የቤልጅየሙ ሊስ ለረጅም ዘመን የተልባ መዘፍዘፊያ ሆኖ ተበክሎ ነበር፤ ዛሬ በአውሮፓ ተልባው የሚለሰልሰው እማሳው ላይ ተጋድሞ በጤዛ ነው።

ሲሳልን በተመለከተ ከቅጠሉ ክብደት ቃጫ የሚሆነው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ጭማቂና ዝቃጭ ነው፤ ሳይጣራ ወንዝ ቢለቀቅ ምን እንደሚያደርግ የአቃቂን ውኃ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። አቃቂ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ፣ በመንገዱ የጎመንና የሰላጣ ማሳ እያጠጣ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ሌላ የቃጫ ፋብሪካ ፍሳሽ ሊጨመርበት አይገባም። ዝቃጩ ግን በአግባቡ ቢያዝ ባዮጋዝና ማዳበሪያ ይወጣዋል።

የተፈጥሮ ጎማ ከሰው ሠራሹ ይሻላል?

በካርቦን በኩል አዎ፤ በደን በኩል ግን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም። አብዛኛው የተፈጥሮ ጎማ የሚመጣው ከእስያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ለጎማ ተክል ሲባል ከ4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን እንደተመነጠረ በሳተላይት ምስል ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ዕቃ ወደ ገበያው እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ጎማን ከቡናና ከካካዎ ጋር በአንድ መዝገብ ያሰፈረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎማ ከድኝ ጋር ተደባልቆ በሙቀት ከጠነከረ በኋላ ምንጩ ዛፍ ቢሆንም ቶሎ አይበሰብስም። በእኛ አገር ያረጀ ጎማ በረባሶ መሆኑ፣ በእኔ እምነት፣ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ከተገኘው መፍትሔ አያንስም።

ከቁልቋልና ከእንጉዳይ የሚሠራ «ቆዳ» ከእውነተኛው ቆዳ ይሻላል?

መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳየው ቪዥን ኢኪውኤክስኤክስ የተባለ የሙከራ መኪና ውስጥ ሁለቱንም ተጠቅሟል። ነገር ግን በገበያ ላይ ያለው ብዙው የዕፅዋት ቆዳ እንዲጠነክር ከነዳጅ ዘይት በተገኘ ፖሊዩሬቴን ይለበጣል፤ በመሆኑም ግማሽ ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው ቆዳ በበኩሉ በክሮም ሲለፋ የሚወጣው ፍሳሽ ከባድ ነው። አገራችን ግን ከብቱ የሚታረደው ለሥጋ ነው፤ ቆዳው ካልተለፋ መንገድ ዳር ይሸታል። ስለዚህ እዚህ ገንዘብና እውቀት ቢውል የሚጠቅመው የቆዳ ፋብሪካን ፍሳሽ ማጣራት ላይ ነው እላለሁ።

የእንሰት ቃጫን ለዚህ ሥራ ብናውለው ለአካባቢ ይጠቅማል?

ከሁሉም ጥያቄዎች የሚከብደውና የምወደው ይህ ነው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በኤ ክላስ መኪናው ወለል ሥር ለሚገኘው የትርፍ ጎማ ቦታ መሸፈኛ፣ ድንጋይና ውኃ የሚመታውን ክፍል ማለት ነው፣ ከፊሊፒንስ ከሚመጣ አባካ የተባለ ተክል ቃጫ ሠርቷል። አባካ የሙዝ ወገን ነው፤ እንሰትም የዚያው ቤተሰብ ነው። የእንሰት ቃጫ ደግሞ ለብቻው አይዘራም፤ ሴቶች ለቆጮና ለቡላ ግንዱን ሲፍቁ በእጃቸው የሚቀር፣ ነጭና ረጅም፣ ተሰጥቶ ሲደርቅ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ክር ነው። ተጨማሪ መሬት፣ ማዳበሪያም ሆነ መዘፍዘፊያ አይጠይቅም። በአካባቢ ሚዛን ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል።

እንቅፋቱ ሌላ ነው። የመኪና ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ውፍረትና አንድ ዓይነት እርጥበት ያለው ቃጫ በብዙ ቶን ይፈልጋል፤ የእንሰት ቃጫ ግን ከጉራጌ እስከ ሲዳማ በየጓሮው ጥቂት በጥቂት የሚገኝ ነው፤ ከዚያ ለመሰብሰብ የሚሄደው መኪና ናፍጣ ከጥቅሙ ላይ ይቀነሳል። በከተማው ዙሪያ ባሉት መገጣጠሚያዎች የሚሠሩት መኪኖችም በአብዛኛው ፓነላቸው ተሠርቶ፣ በሣጥን ታሽጎ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ገጣጣሚው ከምን እንደተሠራ የመምረጥ ሥልጣን የለውም።

መጀመር ካለበት፣ እኔ የምመርጠው ከሚኒባስ የሻንጣ ቦታ ልባስና ከኋላ መደርደሪያ ነው፤ ውኃ አይነካቸውም፣ የአደጋ ጊዜ ጫናም አይሸከሙም፤ መጠነኛ የቃጫ ልዩነትም አይጎዳቸውም። ሲሠሩም ፕላስቲኩ የሚቀልጠው ዓይነት ይሁን፤ አያያዛቸውም በማስቲሽ ሳይሆን በብሎን ይሁን፤ ከ20 ዓመት በኋላ ገላን ላይ መኪናውን የሚበትነው ሰው በካቻቢቴ ብቻ ለይቶ እንዲያወጣው።